ስለ እጅ ባትሪ ለተጻፈው ምላሽ፦ ከአንድ የድሬዳዋ ጠጋኝ

ሰሞኑን ለመብራት መጥፋትና ለቤት ጥበቃ የሚሆን የእጅ ባትሪ እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስረዳ ጽሑፍ አንብቤ ሁለት ቀን ስናደድ ሰነበትኩ። ጸሐፊው ክፉ ሰው አይመስሉኝም። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ ለሰው አስበው እንደጻፉም ያስታውቃል። ነገር ግን ምክራቸውን ተከትሎ ባትሪ የሚገዛ ሰው ከስድስት ወር በኋላ ዕቃውን ይዞ የሚመጣው ወደ እሳቸው ሳይሆን ወደ እኔ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከቀፊራ ገበያ ብዙም በማትርቅ አንዲት ጠባብ ክፍል ሬዲዮ፣ ቬንትሌተርና ባትሪ እጠግናለሁ። ስለዚህ መልስ የመስጠት መብት ያለኝ መሰለኝ።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ሉመኑ ከፍ ያለውን ግዙ፤ ድንጋይ የሚበላውን ትታችሁ ቻርጅ የሚደረገውን ምረጡ፤ ሁልጊዜ ዝግጁ እንዲሆን ሶኬት ላይ እንደተሰካ ይቆይ፤ ለሌባ ከባድና ብልጭ ድርግም የሚል የብረት ባትሪ ያዙ፤ ለተጠባባቂነት ስልክና ሻማ ይበቃል። በመጨረሻም ባትሪው የሚቀመጥበት ቦታ የታወቀ ይሁን ይላል። በዚህ በመጨረሻው ብቻ እስማማለሁ፤ እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ላጥራ። እኛ ባትሪ ስንል የሚያበራውንም ዕቃ፣ በውስጡ ኃይል የሚይዘውንም ማለታችን ነው። ጸሐፊው ሁለቱን እያቀላቀሉ ስለጻፉ አንዳንዱ አንቀጽ ስለየትኛው እንደሚናገር ለማወቅ ሁለት ጊዜ ማንበብ ነበረብኝ። እኔ የሚያበራውን ባትሪ፣ ውስጡ የሚገባውን ድንጋይ እላለሁ፤ የሚሞላም ይሁን የማይሞላ።

ከሉመን ልጀምር። ሉመን ከአንድ መብራት የሚወጣው ጠቅላላ የብርሃን መጠን ነው። መለኪያው እውነተኛ ነው፤ ውሸቱ ያለው ካርቶኑ ላይ ነው። እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብታችሁ ብትዞሩ ከመዳፍ የማይበልጥ ባትሪ ላይ 10,000 ሉመን፣ አንዳንዴም ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ። እስቲ እናስላው። ደህና የሚባል ኤል ኢ ዲ ከ1 ዋት 100 ሉመን ገደማ ያወጣል፤ በጣም ጥሩ ከሆነ 150። ስለዚህ 10,000 ሉመን ለማውጣት 100 ዋት አካባቢ ያስፈልጋል። እኔ ስታኞ የማቀልጥበት ካውያ 40 ዋት ነው። ከ100ው ዋት ግማሹ እንኳ ሙቀት ሆኖ ቢወጣ፣ ያን ባትሪ የያዘ ሰው ከእኔ ካውያ የባሰ ነገር ጨብጧል ማለት ነው። እጁ ካልተቃጠለ ካርቶኑ ዋሽቷል።

ድንጋዩም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ባትሪዎች ውስጥ የሚገባው የሊቲየም ድንጋይ 18650 ይባላል፤ ቁጥሩ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። ከታወቁ ፋብሪካዎች የሚወጡት ጥሩዎቹ 3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት (ድንጋይ የሚይዘው መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ይይዛሉ። ገበያ ላይ ግን 9,900 የተጻፈበት በርካሽ ይሸጣል። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛ እንዲህ ያለውን አምጥቶ «ለምን ቶሎ ያልቃል?» ሲለኝ፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ ካወጣሁት ድንጋይ ጋር ይዤው መጋላ ሰፈር ወዳለ ወርቅ ሠሪ ወዳጄ ሄድኩ። በወርቅ ሚዛኑ መዘንናቸው። የላፕቶፑ 46 ግራም ሆነ፤ 9,900 የሚለው 29 ግራም። ወርቅ ሠሪው ድንጋዩን በሁለት ጣቱ እያንከባለለ «አቦ፣ ይህ ውስጡ የለም!» አለ። ሚዛን ለለመደ ሰው ሌላ ማስረዳት አላስፈለገውም። ትክክለኛው 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ ከዚያ በጣም ከቀለለ ቁጥሩን አትመኑት። ብቻ ውስጡን አያለሁ ብላችሁ እንዳትከፍቱት፤ ሊቲየም ሲቀደድ ይነድዳል።

ለመሆኑ ቤት ውስጥ ምን ያህል ብርሃን ያስፈልጋል? አባቶቻችን ይዘውት ያደሩት ባለ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ባትሪ ከ20 ሉመን ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ያም ሆኖ ሰው በዚያ ብርሃን ልጅ አዋልዷል፣ ከብት ፈልጓል። ከመኝታ ተነስቶ ሽንት ቤት ለመሄድ 10 ሉመን ይበቃል። ራት ለመብላት 100 ሉመኑን ወደ ነጩ ኮርኒስ ቀና አድርጋችሁ ብታቆሙት ብርሃኑ ተበታትኖ ይወርድና ትሪው ዙሪያ የተቀመጠው ሁሉ ይተያያል። ለግቢ 200 ወይም 300 ከሆነ ደህና ነው። ሐቀኛ 3,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ድንጋይ በ3.7 ቮልት 11 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ 100 ሉመኑን አሥር ሰዓት ገደማ ያቆይላችኋል ማለት ነው። በ1,000 ሉመን ብታበሩት ግን አንድ ሰዓት ከሞላ ጥሩ ነው። መብራት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጠፍቶ ሌሊት ስምንት ሰዓት በሚመጣበት ከተማ ውስጥ የቱ እንደሚሻል ጸሐፊው ራሳቸው ይፍረዱ።

በነገራችን ላይ ካርቶኑ ላይ «500 ሜትር ይደርሳል» የሚለውም አያታልላችሁ። ቁጥሩ እውነት በሚሆንበት ጊዜ እንኳ፣ በባትሪ ሠሪዎች ዘንድ የተለመደው አለካክ ርቀቱን የሚቆርጠው ብርሃኑ የሩብ ሉክስ ያህል ሲቀረው ነው (ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው)፤ ይህም ጥርት ባለ ሌሊት ሙሉ ጨረቃ ከምትሰጠው ብዙም አይለይም። በ500 ሜትር ላይ የምታገኙት የጨረቃ ብርሃን ነው። ግቢያችሁ ስንት ሜትር ነው? «8 ሰዓት ይሠራል» የሚለውም ብርሃኑ ሲጀምር ከነበረው ወደ አንድ አሥረኛ እስኪወርድ ድረስ ያለው ጊዜ ነው እንጂ ስምንቱንም ሰዓት እኩል ያበራል ማለት አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ድንጋይ የሚበላ ባትሪ ጊዜው አልፎበታል ይላሉ። ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ፤ በየምሽቱ ለሚበራ ባትሪ ድንጋይ መግዛት ኪስ ያራቁታል። የሚሞላው ይሻላል። ግን የትኛው የሚሞላ? ጸሐፊው ሁሉንም በአንድ ዓይን ነው ያዩት።

ገበያችንን የሞላው ርካሹ ዓይነት፣ ከጀርባው የሚወጣና የሚገባ ስፒና ያለው የፕላስቲክ ባትሪ፣ በውስጡ ባለ 4 ቮልት የእርሳስ ድንጋይ አለው፤ የመኪና ባትሪ ታናሽ ወንድም። የእርሳስ ድንጋይ ባዶውን መቀመጥ አይወድም። ባዶውን በቆየ ቁጥር ውስጡ የሚፈጠረው ሰልፌት የሚባል ጨው በእርሳስ ሳህኖቹ ላይ እየጠጠረ ይጋገራል፤ ከዚያ ወዲያ ብትሰኩትም አይቀበልም። መብራት የሚጠፋበትን ቀን እየጠበቀ ቁም ሣጥን ላይ ሦስት ወር ለሚቀመጥ ዕቃ ከዚህ የባሰ ጠባይ የለም።

ቀፊራ ቅመም የሚሸጡ አንዲት እናት እንዲህ ያለውን ይዘው መጡ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡትና ነጠላቸውን አስተካክለው «ልጄ፣ ይህ ሦስተኛዬ ነው፤ ሁለቱን ጥያቸዋለሁ» አሉኝ። በካቻቢቴ አራቱን ብሎን ፈትቼ ድንጋዩን በቴስተር ስለካው 0.8 ቮልት። መሆን የነበረበት 4 ነው። «እማማ፣ መቼ ነው የሞሉት?» አልኳቸው። «ኧረ አንድ ሌሊት ብቻ ነው ያበራሁበት! ከዚያ ወዲህ ነክቼውም አላውቅ» አሉ፣ ሰስተው እንደያዙት ለማሳየት። የገደለውም እሱ ነው። አብርተው ጨረሱት፣ ሳይሞሉት አስቀመጡት፣ ተቀምጦ ሞተ። ሻጩ ይህን የነገራቸው የለም፤ ጸሐፊውም አልነገሩንም።

የሊቲየሙ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ተሞልቶ ቢቀመጥ ወራት ይቆያል። የእሱ ጠላት ሙቀት ነው፤ የእኛ ከተማ ደግሞ የሙቀት አገር ናት። ምክሩን የጻፉት ሰው በብርድ ልብስ የሚያድሩ ይመስለኛል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬዳዋ ቀን ከ35 ዲግሪ ያልፋል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የሊቲየም ድንጋይ ከ45 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት መሞላት የለበትም፤ ሙሉውን ሆኖ በሙቀት ሲቀመጥም በፍጥነት ያረጃል። ስለዚህ ከፍ ካለ ቦታ አውርዱት፤ ወለሉ አካባቢ፣ ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ በኩል ይሁን። መኪና ውስጥ አትተዉት። ስትሞሉትም ማለዳ ወይም ሌሊት ይሁን።

ስለ ደረቁ፣ ስለማይሞላው ድንጋይ ደግሞ ልከራከርለት። ሌሊት ከጎረቤት ሱቅ አንኳኩታችሁ የምታገኙት እሱን ነው፤ መብራት ለሦስት ቀን ቢጠፋ የሚሞላው ባትሪ ሁሉ ሲተኛ አዲስ ድንጋይ ከቶ ማብራት ይቻላል። ነውሩ መፍሰሱ ነው። በርካሹ ድንጋይ ላይ የዚንኩ ቆርቆሮ ዕቃውም ነዳጁም ነው፤ ድንጋዩ ሲሠራ ቆርቆሮው ይበላል፤ ሲሳሳም ይቀደድና ውስጡ ያለው ይፈስሳል። ያኔ ሞላው ይዝጋል፣ ባትሪው አይበራም፣ ሰውየውም «ተቃጠለ» ብሎ ይጥለዋል። አብዛኛውን ጊዜ አልተቃጠለም። ዝገቱን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት። ድንጋዩ አልካላይን የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ነጩን ጋገርት በሎሚ ወይም በኮምጣጤ በራሰ ጥጥ ጥረጉት፣ አድርቁት፣ ይበራል። እኔ ለዚህ ሥራ ገንዘብ መቀበል አፍራለሁ። ከዚያ አዲስና አሮጌ ድንጋይ አታቀላቅሉ፤ ደካማው በብርቱው ተገፍቶ ቀድሞ ይፈስሳል። በልጅነታችን ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ አንዳንዴም በጥርሳችን ነክሰን ሬዲዮ ሰምተናል፤ ሙቀቱ ለጥቂት ደቂቃ ነፍስ ይዘራበታል፤ ግን ቶሎ እንዲፈስስ ከማድረግ በቀር ትርፍ የለውም።

ሦስተኛው ምክር ከሁሉም ይልቅ ያናደደኝ ነው። ባትሪው ሁልጊዜ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ይቆይ! ያ ርካሽ ባለ ስፒና ባትሪ ሲከፈት ውስጡ ምን እንዳለ ጸሐፊው አላዩም። ትራንስፎርመር የለውም። አንድ ኮንደንሰር፣ አራት ዳዮድ፣ አንድ ሁለት ሬዚስተር፤ በቃ። ይህ ማለት ስፒናው ተሰክቶ ሳለ ከ220 ቮልቱ የሚለየው ነገር የለም። ከፕላስቲኩ ስንጥቅ ውስጥ አንድ ብረት ብትነኩ፣ ወይም እጃችሁ እርጥብ ከሆነ፣ የነካችሁት የግድግዳውን መስመር ነው። ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ ይህን ሌት ተቀን ሰክቶ መተው ምን ዓይነት ምክር ነው? የድንጋዩንም ነገር ካነሳን፣ ሞልቶ እንኳ ማቆሚያ ስለሌለው ይፈላል፣ ያብጣል። ጠረጴዛዬ ሥር ያበጡ ድንጋዮች የሞሉበት ካርቶን አለኝ። ተሰክቶ እያለ ማብራትም አይገባም፤ ድንጋዩ ከሞተ ቮልቱ ከፍ ይልና አምፖሎቹን ባንዴ ያቃጥላቸዋል።

መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚያደርገውንም ሁላችን እናውቃለን። ቬንትሌተሩ ይጮሃል፣ አምፖሉ ሁለት ጊዜ ደምቆ ይደበዝዛል፤ በማግስቱ እኔ ጋ ሰልፍ ነው። ሰክታችሁ የተዋችሁት ሁሉ የዚያ ሰልፍ አባል ነው። በወር አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ደመወዝ በወጣ ማግስት፣ ሙሉት፣ ንቀሉት፣ አብርታችሁ እዩት። ሌላ ጥበብ የለውም።

ስለ ሌባ የጻፉት አራተኛው ክፍል የፊልም ይመስላል። ከባድ የብረት ባትሪ ይዞ፣ ብልጭ ድርግም እያደረገ፣ ሌባውን አደናብሮ መምታት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከእንቅልፉ የነቃ፣ ስሊፐር ያጠለቀ የሦስት ልጆች አባት ይህን ሁሉ ሲያደርግ ታየኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ብልጭ ድርግም የሚለው ብርሃን ነጭ በተቀባ ግቢ ውስጥ ግድግዳው ላይ ነጥሮ የሚያደናብረው ያበራውን ሰው ራሱን ነው። ዓይን ጨለማ ለምዶ በደንብ ለማየት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በአንድ ብልጭታ ያን ሁሉ ታጣላችሁ፣ ሌባው ደግሞ የት እንደቆማችሁ አወቀ። ሐረር ጁገል ውስጥ የሚኖሩ አክስት አሉኝ፤ በእሳቸው ሰፈር ጠባብ መንገድ፣ በሁለት ነጭ ግንቦች መካከል ኃይለኛ ባትሪ ማብራት ጉም ውስጥ የመኪና መብራት እንደማብራት ነው። ጅቡም ቢሆን ለምዶታል፤ ከተማው ዳር ላይ በየምሽቱ በእንግዶች ፊት በመብራት እየታየ ሥጋ የሚበላ ጅብ በብልጭታ አይደነግጥም።

ይልቅ በሩን ሳትከፍቱ በመስኮት በኩል አብሩ። ባትሪውን ከደረታችሁ ፊት ሳይሆን ክንዳችሁን ወደ ጎን ዘርግታችሁ ያዙት፤ ወደ ብርሃኑ የሚወረወር ነገር ሰውነታችሁን እንዳያገኝ። ጎረቤታችሁን ጥሩ። ገንዘብ ካለ የግቢ በር ላይ ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራ የሶላር መብራት ስቀሉ፤ ሌባ የሚጠላው ድንገት የሚበራ ቦታን ነው፤ እናንተም ከአልጋ አትወርዱም።

ከዚህም የሚብሰው አዝራሩ ነው። አንድ አዝራር አምስት ሥራ፦ አንዴ ሲጫኑት ደማቅ፣ ሁለቴ መካከለኛ፣ ሦስቴ ደብዛዛ፣ አራቴ ብልጭታ፣ አምስቴ የጭንቅ ጥሪ። በጨለማ ውስጥ እማማ በር ሲፈልጉ ቤቱ የዳንስ አዳራሽ ይሆንባቸዋል። ተጭነው የሚበራ፣ ተጭነው የሚጠፋ ባትሪ ግዙ። ሱቅ ውስጥ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በአውራ ጣታችሁ አዝራሩን ፈልጉት፤ ወዲያው ካላገኛችሁት መልሱለት።

ሌባ ሌባ ሲሉ ጸሐፊው የረሱት ሌላ እንግዳ አለ፤ ጊንጥ። በሙቀት ወራት መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ሲቆም ግማሹ ድሬ ግቢ ወጥቶ ምንጣፍ ላይ ይተኛል። ነጋዴዎች ብር የሚፈትሹባትን ሐምራዊ ብርሃን የምታወጣ ትንሽ ባትሪ ታውቋታላችሁ? ጊንጥ በእሷ ሲታይ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ምንጣፍ ከመዘርጋታችን በፊት ግቢውን በእሷ አንድ ዙር እዞራለሁ፤ ጫማም ከማጥለቄ በፊት እንዲሁ። ብርሃኗን ግን ዓይን ውስጥ አታብሩ።

ስልክና ሻማ ለተጠባባቂነት ይበቃል ለሚለው ብዙ አልልም። የስልክ መብራት ደካማ ነው፣ ስልኩንም ይጨርሰዋል፤ ሌሊት ሰው መጥራት ሲያስፈልግ የሚፈለገው ያው ስልክ ነው። ሻማ እኛ ከተማ ሳይለኮስ ይጎብጣል። መጋረጃ ያለበት ቤት ልጆች ተኝተው ሻማ አይለኮስም፤ ይኸው ነው።

አሁን ወደተስማማንበት ልመለስ፤ ቦታው የታወቀ ይሁን ወዳሉት። አባቴ የሽመንደፈር ሠራተኛ ነበር። ባትሪው ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ትንጠለጠል ነበር፤ የነካ ልጅ ወየውለት። እሱ ካረፈ በኋላ ዕቃ ሲስተካከል ባትሪዋ ከምስማሩ ወርዳ መሳቢያ ገባች፣ ከመሳቢያ ወደ ሣጥን። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በሌሊት መንደር ሲጠርግ፣ ከ200 በላይ ሰው በሞተበት በዚያ ጎርፍ፣ እኛ ቤት ባትሪ ነበረ። የት እንዳለ ያወቀ ግን አልነበረም። እናቴን በጨለማ፣ ውሃው ጉልበታችን ላይ እያለ፣ ግድግዳ እየዳበስን ነው ያወጣናት። እግዚአብሔር ይመስገን እኛ ተረፍን። ስለዚህ ይህን የጸሐፊውን ቃል በሁለት እጄ እቀበለዋለሁ፤ አንድ ብቻ ልጨምርበት። ወንዝ ዳር ያለ ሰው ካርቶኑ ላይ «አይ ፒ ኤክስ 7» የሚል ካገኘ ይምረጥ፤ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይችላል ማለት ነው። ቁጥሩ 4 ከሆነ የሚችለው ፍንጣቂ ብቻ ነው።

እንግዲህ «አንተስ የትኛውን ትመክራለህ?» የሚል ይኖራል። አንድ አልመክርም፣ ሁለት ነው የምመክረው፦ በየምሽቱ የምትሠሩበት አንድ መካከለኛ የሊቲየም ባትሪ፣ በዩ ኤስ ቢ የሚሞላ፣ ድንጋዩም የሚቀየርለት፤ ሌላው ለክፉ ቀን የምትሰቅሉት ባለ ደረቅ ድንጋይ። በዚህኛው ላይ በድንጋዩና በሞላው መካከል አንድ ቁራጭ ወፍራም ወረቀት አስገቡ፤ ወረቀቱ ሳለ ኃይል አይባክንም፣ ስትፈልጉት ትስቡታላችሁ።

ለቅመም ሻጯ እናት ያደረግኩትም ይህንኑ ነው። የሞተውን የእርሳስ ድንጋይ አወጣሁ፣ ስፒናውንና ኮንደንሰሩን በፒንሳ ቆርጬ ጣልኩ፣ በምትኩ ሦስት ተራ ድንጋይ የሚይዝ ቤት ከአንዲት ሬዚስተር ጋር አስገባሁላቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባገኛቸው «ከበሩ ጀርባ ሰቅያታለሁ፤ ወረቀቷንም አልነካኋትም» አሉኝ። ድንጋዮቹ በእርግጥ ውስጧ መኖራቸውን አይተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። የልጅ ልጃቸው ለመጫወቻ መኪናው ሁለቱን ወስዷቸው ተገኘ።